ከቦርሳዬ የማትለይ ትንሽ ቆርቆሮ

በኅዳር ወር ማለዳ አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ የሚጓዝ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው እጆችን ነው። ከላይ ያለውን ብረት የጨበጡ እጆች በዐይን ትክክል ይደረደራሉ። ክረምቱ አልፎ የመስቀል አበባ ከረገፈ በኋላ የአዲስ አበባ አየር ይደርቃል፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ቀኑ ነፋስና አቧራ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ፀሐይዋም ብርቱ ናት። የዚህ ሁሉ ዕዳ የሚወድቀው በቆዳችን ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት ከአጠገቤ የቆመች አንዲት ሴት የጣቶቿ መገጣጠሚያ ተሰነጣጥቆ ደም ቋጥሮ አየሁ። በጨዋታ መካከል የሆቴል ልብስ አጣቢ መሆኗን ነገረችኝ። ከቦርሳዬ የማትለየውን ትንሽ የቅባት ቆርቆሮ አወጣሁና «እህቴ፣ ትንሽ ልስጥሽ?» አልኋት።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች እጇን እየዘረጋች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ያቀላል እንዴ? የሚያቀላ ከሆነ ለፊቴም ጨምሪልኝ» ብላ ሳቀች።

እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም። ምክንያቱን ለእናንተ ለእናቶች ሳልሸሽግ ልንገራችሁ።

ልጄ አራት ዓመት ሲሞላት በክርኗ እጥፋትና ከጉልበቷ በስተኋላ ችፌ ወጣባት። ሌሊት ሌሊት ስታክክ የጥፍሯ ድምፅ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል። እናቴ «ለጋ ቅቤ ቀቢያት» አሉኝ። እኔ ደግሞ የተማርሁ፣ ቢሮ የምውል፣ ልጄን መዋዕለ ሕፃናት የምልክ ሴት ነኝና ሽታው አሳፈረኝ። ወደ አንድ የመዋቢያ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ጎራ ብዬ ካርቶን የሌለው፣ በምን እንደተሠራ የሚገልጽ ጽሑፍ የማይነበብበት ክሬም ገዛሁ። ሻጩ «ለልጅም ይሆናል» አለኝ፤ አመንሁት።

በሦስት ቀን ጠፋላት። ራሴን አመሰገንሁ። እንዲያውም ጉንጯ ሲደርቅ ጊዜ ጉንጯንም ቀባሁላት። ይህን ያደረግሁት ለአራት ወር ያህል ነው። ቆዳዋ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳሳ፤ ጉንጯ ላይ ቀያይ የደም ሥሮች ታዩ፤ አንድ ቀን ሳልቀባት ካደርሁ ፊቷ ይነድዳል። በመጨረሻ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ወሰድኋት። ሐኪሙ ክሬሙን አገላብጠው ካዩ በኋላ ውስጡ ክሎቤታዞል የሚባል ብርቱ የስቴሮይድ መድኃኒት ሳይኖር እንደማይቀር ነገሩኝና «ይህን ማን አዘዘላት?» ሲሉ ጠየቁኝ። በጋዜጣ ላይ ሌላውን የምመክረው እኔ መልስ አጣሁ።

ስቴሮይድ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ሐኪም መጠኑንና ቀኑን ቆጥሮ ሲያዘው ችፌን የሚያስታግስ ደኅና መድኃኒት ነው። አደጋው ያለ ትእዛዝ፣ ያለ ገደብ፣ ያውም ፊት ላይ ሲውል ነው። የእኔ ልጅ ቀስ በቀስ ከክሬሙ እንድትላቀቅ ተደርጎ ጉንጯ ወደ ቦታው እስኪመለስ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። እንዲህ ያለ ክሬም ለረጅም ጊዜ ስትቀቡ የቆያችሁ እህቶች ብትኖሩ፣ በራሳችሁ ፈቃድ በአንድ ጊዜ ከመተዋችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። ከሚያቀሉት ቅባቶች አንዳንዶቹ ኩላሊትን የሚጎዳ ሜርኩሪ አለባቸው፤ በ2006 ዓ.ም. በጃፓን የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት ያለምክንያት አላገዳቸውም።

ታዲያ ሐኪሙ ከመድኃኒቱ ጋር ምን ሰጡን? ሽታ የሌለው ተራ ቫዝሊን!

ቫዝሊን ለቆዳ ውሃ አይሰጥም። ያለውን ውሃ እንዳይተን ይከድናል እንጂ። እኔ ይህን ባለማወቄ ስንት ዓመት በደረቅ ቆዳ ላይ ስቀባ ኖሬአለሁ። ልጅ ታጥባ በፎጣ ጠበቅ ጠበቅ ተደርጋ ገና ርጥበቷ ሳይለቅ፣ በሁለትና በሦስት ደቂቃ ውስጥ መቀባት አለባት። ለሥራ ሴት እጅም እንደዚሁ ነው፤ ከታጠቡ በኋላ ወዲያው። ቆርቆሮዋ ከቦርሳ መለየት የሌለባት ስለዚህ ነው። ቤት ያለ ትልቅ ቅባት ቢሮ መታጠቢያ ቤት ድረስ አይመጣም።

የዚህ ቅባት ታሪክ ራሱ ከሠራተኛ እጅ የተነሣ ነው። በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ የነዳጅ ጉድጓድ ሠራተኞች በመቆፈሪያው ብረት ላይ የሚጋገረውን ጥቁር ዝቃጭ ለቃጠሎና ለቁስል ይቀቡት ነበር። ሮበርት ቼስብሮ የሚባል ኬሚስት ይህን አይቶ አጣራና በ1872 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አወጣበት።

የእኛም አገር የራሱ አለው፤ ሰም። እኔ ሰፈር ካሉት ጠጅ ጣዮች ሰፈፍ እገዛለሁ። በውሃ ቀቅዬ በንጹሕ ጨርቅ አጠልለውና ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ይረጋል። ከዚያ በደንብ አድርቄ አንድ የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ ሰም ከአራት ማንኪያ የሰሊጥ ወይም የወይራ ዘይት ጋር፣ ውሃ በሚፈላበት ድስት ላይ በተቀመጠ ሌላ ዕቃ ውስጥ አዋሕደዋለሁ። በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድ፤ ሰም እሳት ይይዛል። ጠብታ ውሃም እንዳይገባበት፤ ይበላሻል። ድሬዳዋ ወይም አፋር ላላችሁ፣ ቦርሳ ውስጥ እንዳይቀልጥ ሰሙን ጨመር አድርጉት። ሻማ አቅልጣችሁ ግን አትሞክሩ፤ የሱቅ ሻማ አብዛኛው ፓራፊን ነው። (እናቴ ይህን ሲያዩ «ጧፍ ልትሠሪ ነው?» ብለው ቀልደውብኛል። ቅቤን በተመለከተ ግን እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ቦርሳዬ ውስጥ ቀልጦ የመታወቂያዬን ሽፋን ካበላሸ ወዲህ ክርክሩን ያሸነፍሁ ይመስለኛል።)

ከንፈር የተሰነጠቀበት ሰው በምላሱ ያርሳል፤ ምራቁ ሲተን ግን የነበረውንም ርጥበት ይዞ ይሄዳል። የከንፈር ቆዳ ስስ ነው፤ እንደ ሌላው ቆዳ ወዝ አያወጣም። ልጆቻችሁን «አትላሺ!» እያላችሁ ከመቆጣት ቅባቱን ኪሳቸው ውስጥ አኑሩላቸው። ሜንቶልና ካምፎር ያለበትን የጉንፋን ቅባት ግን በተሰነጠቀ ከንፈር ላይ አታድርጉ፤ ይለበልባል። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ጭራሽ አይነካም።

አውቶቡስ ውስጥ ላገኘኋት ሴት ይህን ሁሉ ለመንገር ጊዜ አልነበረም። «አያቀላም፤ ይዘጋዋል እንጂ» አልኋትና ቁስሏን እያሳየኋት ቀባኋት። መውረጃዋ ሲደርስ ቆርቆሮዋን ከእነ ክዳኗ በእጇ ጨበጥሁላት። ማታ ጎማ ጓንት እንዲሰጧቸው አለቃዋን እንድትጠይቅ ሳልነግራት መውረዷ ቆጨኝ።

በማግስቱ አዲስ ሞላሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ያችም ከቦርሳዬ ጠፋች። ማታ ልጄን ብጠይቃት የደብተር መያዣዋን ከፍታ ባዶዋን ቆርቆሮ አወጣችልኝና «ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ እጇ እንደ እኔ ነው፤ ነገ ሙሉ አድርጊልን» አለችኝ።