በቦኔር ደሴት የመኖሪያ ፈቃድ ስለ መጠየቅ

ቦኔር የምትባለው ደሴት ከቬኔዙዌላ ጠረፍ በስተ ሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በካሪብ ባሕር ውስጥ ትገኛለች። ስፋትዋ 288 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ከመስከረም 30 ቀን 2003 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ የሆላንድ መንግሥት ልዩ ማዘጋጃ ቤት ሆና ትተዳደራለች፤ ነገር ግን በገበያዋ የሚሠራበት ገንዘብ የአሜሪካ ዶላር ነው፤ ሕዝቧም በቤትና በመንገድ ፓፒያሜንቱ የተባለውን ቋንቋ ይናገራል። እንግዳ ሰው ይህን ሁሉ ባንድነት ሲያይ በማን አገር እንዳለ ለጊዜው ግር ይለዋል። የመኖሪያ ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ ዋናው ከተማ ወደ ክራለንዳይክ የገባ እንደ ሆነ ግን በሆላንድ ሕግ ሥር መሆኑን ፈጥኖ ይረዳዋል።

እኛ በሥራ ምክንያት ቀድመን ሄድን፤ ባለቤታችንና ልጃችን በአዲስ አበባ ቀሩ። የሆላንድና የአሜሪካ ዜጎች እስከ ስድስት ወር ድረስ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ሊቀመጡ ይችላሉ። እንደኛ ያለው ሰው ቤተ ሰብ ግን ፈቃዱ እስኪወጣ ከደሴቲቱ ውጭ ሆኖ መጠበቅ አለበት፤ ማመልከቻውን ቀድሞ የገባው ዘመድ በዚያው ሊያቀርብላቸው ይችላል።

የሚቀርበው ወረቀት የጋብቻ ምስክር፣ የልደት ምስክር፣ ስለ መልካም ጠባይ የተሰጠ የፖሊስ ወረቀት፣ የደመወዝ ማስረጃ ነው። ከአገራችን የወጣው ሁሉ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይታተማል፤ ከዚያም የሆላንድ ኤምባሲ በላዩ ያትምበታል። ተቀባይነት ካላቸው ቋንቋዎች አማርኛ ስላልተቈጠረ ትርጕሙም አብሮ ይታሰራል። እኛ ይህን ሁሉ አሟልተን፣ ጉዳያችን በአንድ ቀን የሚፈጸም መስሎን በተቀጠርንበት ሰዓት ሄድን።

ጠረጴዛው አጠገብ የተቀመጡት በዕድሜ የገፉ ሴት «ቦን ዲያ» ብለው በደስታ ተቀበሉን። ሦስቱን ፓስፖርት ገልጠው ባዩ ጊዜ ግን መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሦስት ሰዎች፣ ሦስት የቤተ ሰብ ስም። አንድ ቤተ ሰብ መሆናችሁ በምን ይታወቃል?»

በኛ አገር ሰው በአባቱና በአያቱ ስም እንደሚጠራ፣ ሴትም ስታገባ የአባቷን ስም እንደማትለውጥ ነገርናቸው። በእኛ ፓስፖርት ላይ የተጻፈው የአያታችን ስም ነው፤ በባለቤታችን ላይ የአያታቸው፤ በልጃችን ላይ ደግሞ የአባታችን። ነገሩ በቃል አልገባ ስላለ በወረቀት ጀርባ የትውልድ ሐረግ ሣልንላቸው። እርሳቸውም በጣታቸው እየተከተሉ ካዩ በኋላ የጋብቻውን ምስክር አንሥተው ከሥዕሉ ጋራ አስተያዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህ አለፈ።

ያላለፈው የልጃችን የልደት ቀን ነው። ልጃችን የተወለደችው በ2007 ዓመተ ምሕረት ጳጉሜን 6 ቀን ነው። በፓስፖርቷ ላይ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሴፕቴምበር 11 ቀን 2015 ተብሎ በትክክል ተጽፏል። አስተርጓሚው ግን ቀኑን ሳይመልስ «በ13ኛው ወር በ6ኛው ቀን 2007» ብሎ እንዳለ አስቀምጦት ነበር። እኛም ሳናነብ ማኅተም አስመትተንበታል።

«ጌታዬ፣ ዓመቱ 12 ወር ነው» አሉን።

ስለ ጳጉሜን፣ በአራት ዓመት አንድ ጊዜም ስድስት ቀን ስለ መሆኗ ያለንን ዕውቀት ሁሉ አወራን። በትዕግሥት ሰሙን፤ በመጨረሻም «እኔ አምኜዎታለሁ፤ ፋይሉ ግን አያምንም» አሉ። ወረቀቱ ተመልሶ እንደ ገና ይተርጐም፤ እንደ ገና ይታተም ተባለ። ከቤተ ሰቡ ጋራ ባሕር ለመሻገር የሚያስብ አንባቢ ትርጕሙን ወደ ማኅተም ቤት ከመውሰዱ በፊት ቀኖቹን አንድ በአንድ ቢመረምር ካንድ የክረምት መለያየት ይድናል።

የልደቱ ወረቀት ተመልሶ እስኪመጣ የፖሊሱ ወረቀት ጊዜ አለፈበትና እርሱም ታደሰ። በቦኔርና በአዲስ አበባ መካከል ያለው ልዩነት ሰባት ሰዓት ነው፤ እኛ በቀትር ስልክ ስንደውል እነርሱ ዘንድ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ይሆናል። ልጃችን ሁልጊዜ «ሴትዮዋ እሺ አሉ?» እያለች ትጠይቅ ነበር። አንድ ምሽት ሳትጠይቅ ቀረች፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም።

በእሑድ ቀን ወደ ደቡብ፣ ጨው ወደሚወጣበት ሜዳ እንሄድ ነበር። ቀያይ ፍላሚንጎዎች በውሃው ውስጥ ቆመው ይታያሉ። በባሕሩ ዳር በ1850 ገደማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ለባሮች የተሠሩ የድንጋይ ጎጆዎች አሉ፤ በራቸው ሰው ጐንበስ ሳይል አይገባበትም። ቤተ ሰቦቻቸው ሪንኮን በሚባለው መንደር ስለ ነበሩ፣ የሳምንቱን ሥራ ሲጨርሱ ሊያዩአቸው ሰዓታት በእግር ይጓዙ ነበር። ባርነት የቀረው በ1863 ነው። እኛ በዚያ ቆመን ስለ ማኅተም ማጕረምረማችን አሳፈረን፤ በማግሥቱ ግን እንደ ገና አጕረመረምን።

ፈቃዱ በመጨረሻ ወጣ፤ ባለቤታችን ቪዛውን በአዲስ አበባ ከሆላንድ ኤምባሲ ተቀብለው ከልጃችን ጋራ መጡ። ለመመዝገብ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ በሄድን ጊዜ ጸሓፊው ልጅቱን በፈገግታ «የተወለድሽው መቼ ነው?» አላት። እኛ አፋችንን ሳንከፍት ኰራ ብላ «ጳጉሜን 6» አለችው። ጸሓፊው እስክሪብቶውን አንሥቶ እኛን ተመለከተን።