ከነሐሴ ንባቤ የተማርኩት

ነሐሴን ለንባብ ልስጠው ብዬ ነበር። ዝናቡ ከቤት አያስወጣም፤ ሥራም ቀዝቀዝ ይላል። ጠረጴዛዬ ላይ የደረደርኩት ክምር ግን ወር ቀርቶ ዓመትም የሚበቃው አልነበረም። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ክምር አይጠፋም።

1. የሰሙት መጽሐፍ ያነበቡት አይደለም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አውቀዋለሁ እል ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቻለሁ፤ ሰው ሲያነሳውም እንዳነበበ ሰው ሆኜ አወራለሁ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን መጽሐፍ ዘንድሮ ገና ገልጬ ሳነበው ያስደነገጠኝ ጉዱ ካሳ ነው። በጆሮዬ የቀረው ነገረ ሥራው የሚያስቅ አፈንጋጭ ሰው ነበር። ወረቀቱ ላይ ያገኘሁት ካሳ ዳምጤ ግን የሚኖርበትን ሥርዓት ከሥሩ እየመዘዘ ይሞግታል። ሬዲዮ አይጠብቅም፤ አንድ አንቀጽ ላይ ቆሜ ላስብ ብል ተራኪው ርቆ ሄዷል። (ድምፁ ግን አልለቀቀኝም። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ አሁንም የምሰማው ወጋየሁን ነው፤ ቅርም አላለኝ።)

2. የከበደ ገጽ ጮክ ተብሎ ይነበብ። የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» ደጋግሜ ጀምሬ ትቼዋለሁ፤ ጥፋቱንም ለደራሲው ሰጥቼ ነበር። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ፣ እኛ ዘንድ ላደረችው እናቴ በስልክ ብርሃን አነበብኩላት። እናቴ የመጽሐፉ ታሪክ የሚካሄድበት የይፋት ልጅ ናት። እኔ ግራ የገባኝ ቦታ ላይ ሳቀች።
«ምኑ ነው የሚያስቀው፣ እማዬ?»
«ሽሙጥ ነው እኮ፤ አልገባህም?»
በዓይኔ ስሮጥበት ድፍን የሆነብኝ ምልልስ፣ በድምፅ ሲወጣ ማን ማንን እየነካ እንደሆነ ለየልኝ።

3. ስልክ ሌላ ክፍል ይደር። ይህን የማያውቅ የለም፤ እኔም አውቅ ነበር።

4. የደራሲውን ዕጣ ማወቅ ዓይንን ይጋርዳል። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አሳተመ፤ መጽሐፉ ታገደ፤ እሱም በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። ይህን ይዤ ስገባ እንደ መርማሪ ነበር ያነበብኩት፤ «ለዚህ ያበቃችው ይቺ ትሆን?» እያልኩ ከመስመር በታች አሰምራለሁ። ስጨርስ ልብ ወለድ ማንበቤን ረስቼዋለሁ። እርሳሱን አስቀምጬ እንደገና ጀመርኩ። በቀይ ኮከብ ዘመቻ ሰሞን አስመራ የዘለቀው ጋዜጠኛ ጸጋዬ፣ ፊያሜታን ካወቀ በኋላ ልቡና ሥራው ሲጣሉበት ያየሁት ያኔ ነው። ለካ የሚያስቅም መጽሐፍ ነው!

5. ያልተነበበ መጽሐፍ ዕዳ አይደለም። ክምሩ ብዙም አልጎደለም። ቀድሞ ቢሆን ቀጫጭኖቹን መርጬ ቁጥር አሟላ ነበር። አሁን «አደፍርስ» እኩሌታው ላይ ቆሟል፤ እናቴ ስትመጣ ብቻ ስለሚነበብ ለጥምቀትም ላያልቅ ይችላል።