ሁለተኛዋ መርፌ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፤ የሕፃናት ክሊኒክ። እናትየው ከአዲስ አበባ ይዛ የመጣችውን የልጇን የክትባት ካርድ ዘርግታለች። የተወለደ ዕለት፣ በ6፣ በ10፣ በ14 ሳምንት፣ ኩፍኙ በ9 እና በ15 ወር፤ አንድም የጎደለ የለም። ነርሷ አደነቀች። ቀጥላም ለኢንፍሉዌንዛ ልጁ ገና ጀማሪ መሆኑን ነገረቻት፤ በአገር ቤቱ መደበኛ ክትባት ውስጥ የለማ። ዛሬ አንድ፣ ከአራት ሳምንት በኋላ ሌላ።
«ይኼን ሁሉ ተወግቶ?»

*

መመሪያው ከባድ አይደለም። ከ6 ወር እስከ 8 ዓመት ያለ ልጅ ካሁን ቀደም በድምሩ ሁለት የኢንፍሉዌንዛ ዶዝ ካልወሰደ፣ ዘንድሮ ሁለት ያስፈልገዋል። አምና አንዷን ወስዶ የቀረም እንደዚያው። የመጀመሪያዋ ሰውነቱን ከቫይረሱ ጋር ታስተዋውቃለች፤ አቅም የምትሰጠው ሁለተኛዋ ናት። በ8 ዓመቱ ጀምሮ በመሀል 9 ቢሞላውም አይማርም፤ ይወጋል።

*

ኦክቶበር መጨረሻ የጀመረ ልጅ ሁለተኛውን የሚያገኘው በኖቬምበር መጨረሻ፣ ታንክስጊቪንግ ሰሞን ነው። እስኪሠራለት ሌላ ሁለት ሳምንት ገደማ ጨምሩበት። ያኔ ክፍሉ ግማሹ ያስላል። ሁለት የሚያስፈልገው ልጅ ክትባቱ ክሊኒክ እንደገባ ቢጀምር ምን አለበት?

*

ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ጭራሽ አይከተብም። መከላከያው እናቱ በእርግዝናዋ ተከትባ ያወረሰችው ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለነው እኛ ነን። እኛ ደግሞ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለን፣ ገንፎውን ቀምሰን፣ ሕፃኑን ሳንስም አንወጣም። የሚያስለውም «አለርጂ ነው» ይላል።

*

አያት፦ «መርፌው ነው ያሳመመው!» መርፌው ውስጥ ሕያው ቫይረስ የለም። አንድ ሁለት ቀን ሊያተኩሰው ይችላል፤ እሱ ግን ኢንፍሉዌንዛ አይደለም።

*

በ2024–25 ወቅት አሜሪካ ውስጥ በኢንፍሉዌንዛ የሞቱ ቢያንስ 280 ልጆች ተመዝግበዋል። ለክትባት ከደረሱትና መከተብ አለመከተባቸው ከታወቀው ውስጥ ከ10 ዘጠኙ ያህል «በተሟላ ሁኔታ ያልተከተቡ» ናቸው። ሁለት ሲገባው አንድ ብቻ የወሰደ ልጅም የሚቆጠረው እዚሁ ነው።

*

ኢንሹራንስ ለሌለው ልጅ ክትባቱን መንግሥት በነፃ ያቀርባል፤ ከ1994 ጀምሮ። ለእናትየው ግን ደሞዝ ሳይቆረጥባት ከሥራ የምትቀርበት ፈቃድ የሚሰጥ የፌዴራል ሕግ የለም። እንዲህ ያለ ፈቃድ ሳይኖራት ሆቴል አልጋ የምታነጥፍ ሴት ለአንድ ደቂቃ መርፌ የግማሽ ቀን ደሞዝ ሁለቴ ትከፍላለች፤ ክሊኒኩ ቅዳሜ ዝግ ነው። ከዚያ «ወላጆች ቸልተኛ ናቸው» ይባላል።