አድራጊና ተደራጊ

ቤት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የሚገቡበት፣ ሌላው በደጁ ሲያልፉ እርምጃ የሚያፈጥኑበት። በአዲስ አበባ እምብርት ያለው የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ለብዙዎቻችን ሁለተኛው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ "ግቢ" እያልን ከሩቅ የምንጠራው ስፍራ፣ በመስከረም 2012 ዓ.ም. "አንድነት ፓርክ" ተብሎ በከፊል ለሕዝብ ሲከፈት፣ መንግሥት የሚፈራበት ቤት ሕዝብ ትኬት ቆርጦ የሚገባበት ሆነ።

የጎበኘሁት ከማላውቃቸው ጥቂት ሰዎች ጋር ነው። አስጐብኚያችን አንደበቷ የተባ ወጣት ነበረች። ምኒልክ ከተማቸውን ቁልቁል ይቃኙበት ከነበረው እንቁላል ቤት አንሥታ፣ እልፍ ሰው በየማዕረጉ እየተፈራረቀ ግብር ይበላበት ወደነበረው ሰፊ አዳራሽ መራችን። ንግግሯ ሁሉ ሕያው ነበር፤ ንጉሡ ሠሩ፣ እቴጌይቱ አዘዙ፣ መኳንንቱ ገቡ፣ ጠጅ አሳላፊው ቀዳ። አድራጊ የሌለው ግስ አልሰማሁም።

ከዚያ ወደ ዙፋን ቤቱ ደረስን። ላይ ቤቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እንግዳ የተቀበሉበት ነው፤ ምድር ቤቱ ደግሞ፣ አብዮቱ ሲፈነዳ የእርሳቸው ባለሥልጣናት የታጐሩበት። ዙፋንና ወህኒን የለየው አንድ ወለል ብቻ መሆኑን ማንም መጽሐፍ እንደዚያ ደረጃ አላስረዳኝም።

ታች ስንወርድ የልጅቱ ሰዋስው ተለወጠ። "እዚህ ታሰሩ" አለች። "ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ተወሰዱ። ያለ ፍርድ ተገደሉ።" በዚያ ሌሊት ካለቁት ስልሳ ያህል ሰዎች መካከል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ጸሐፌ ትዕዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድና ልጅ እንዳልካቸው መኰንን ይገኙበታል። ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው ዓመት ነሐሴ እዚሁ ግቢ ውስጥ ሕይወታቸው አለፈ፤ አፅማቸው የተገኘው በ1984 ዓ.ም.፣ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በወጉ ያረፈው ደግሞ ጥቅምት 1993 ዓ.ም. ነው።

ከመካከላችን አንድ አዛውንት ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ያዳምጡ ነበር።

"ልጄ፣ ማን አሰራቸው? ማንስ ገደላቸው?" አሉ፤ ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም።

ልጅቱ ለአፍታ ዝም አለች። "ደርግ ነው፣ አባባ።"

"እንግዲያው እንዲያ በዪን። ላይ ቤት ሁሉንም በስሙ ስትጠሪልን ነበር እኮ።"

ውድ አንባቢ፣ በልጅቱ አልፈርድም። ሁላችንም የምንናገረው እንደዚያው ነው። ድግሱን ያበላውን በስም እናነሣለን፤ ደም ያፈሰሰውን ግን "ፈሰሰ" ብለን ከዐረፍተ ነገሩ እናስወጣዋለን። አማርኛችን ለዚህ ይመቻል፤ አንዲት "ተ" ከግሱ ፊት ስትቆም ገዳዩ ከነጠመንጃው ከኋላዋ ይሸሸጋል። በዚህ ግቢ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል፤ በሩ ለጐብኚ ሲከፈት የመንግሥት ሥራ ከአጠገቡ ይካሄድ ነበርና። ባለ ሥልጣን በተቀመጠበት ቅጥር ውስጥ የቀድሞውን ባለ ሥልጣን በደል በስሙ መጥራት፣ ለሚመጣውም ማስጠንቀቂያ ነው።

ከምድር ቤቱ ስንወጣ ሌላ ቡድን ደረጃውን ሊወርድ ይጠባበቅ ነበር። አስጐብኚያችን ለባልደረባዋ አንዳች ነገር ሹክ ስትል አየሁ። ምን እንዳለቻት አልሰማሁም፤ ባልደረባዋ ግን እየወረደች ድምፁዋን ከፍ አድርጋ ስትጀምር ሰማኋት፦ "ደርግ እዚህ አሰራቸው..."