ያልተቋጨ መዝገብ

ባንክ ቤት ውስጥ ዓርብ ማታ ሒሳብ ሳይዘጋ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ባለፈው ዓመት በአንዱ ዓርብ ግን ሒሳቡ አልዘጋ አለ። የዕለቱን ገንዘብ የምናመሳክርበት አነስተኛ ሰርቨር የቆየውን ያሳየናል እንጂ አዲስ ነገር አልመዘግብም አለ። ሰባት ሠራተኞች ካፖርታችንን እንደለበስን ቆምን።

ከኮምፒውተር ክፍል የመጣው ወጣት ብዙም አልደነገጠም። ዳታቤዙ መጠነኛ ሆኖ ሳለ፣ ከጎኑ ያለው የትራንዛክሽን ሎግ ፋይል አብጦ ዲስኩን እንደሞላው አሳየን። እኔም እንደ አዋቂ «ታዲያ እሱን ማጥፋት ነዋ!» አልኩ።

«እሱን ካጠፋን ዳታቤዙ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል» አለኝ።

ከዚያም አስረዳኝ። ዳታቤዝ አንድን ለውጥ በዋናው ፋይል ላይ ከማስፈሩ በፊት በሎጉ ላይ ይጽፈዋል። መብራት በመካከል ቢጠፋ፣ ሲነሣ ያንን አንብቦ ያለቀውን ያጸናል፤ ያላለቀውን ይሽራል። ሎጉ በየጊዜው ባክአፕ ሲደረግለት ጊዜው ያለፈበት ቦታ ለአዲስ ጽሑፍ ይለቀቃል። ባክአፕ ከተረሳ ግን እያበጠ ይሄዳል።

የእኛ ሎግ ባክአፕ አልተረሳም፤ በየሰዓቱ ይወሰድ ነበር። ስለዚህ ወጣቱ ቦታው ለምን እንዳልተለቀቀ ሰርቨሩን ራሱን ጠየቀው። መልሱ አጭር ነበር፦ ያላለቀ ትራንዛክሽን አለ። ለካስ ሎግ ከቀዳሚው ክፍት ትራንዛክሽን ወዲህ የተጻፈውን ሁሉ አይለቅም፤ ሺህ የተቋጩ ጉዳዮች ከአንዱ ካልተቋጨው ኋላ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ወጣቱ ያን ትራንዛክሽን የከፈተውን ኮምፒውተር ፈለገ። የተከፈተው ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነበር። ኮምፒውተሩም የእኔ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት፣ ጡረታ ለመውጣት ወራት በቀራቸው ገንዘብ ያዣችን የቆጠራ ወረቀት ላይ የ2,400 ብር ጉድለት አየሁ። በስማቸው ልመዘግበው ጀመርኩና፣ ኮምፒውተሩ «ይጽና?» ብሎ ሲጠይቀኝ እጄ ቆመ። አዎ ብል ከደመወዛቸው ይቆረጣል፤ አይ ብል መዝገቡ ይዋሻል። ለጠየቀኝ ሁሉ «እየተጣራ ነው» እያልኩ ስክሪኑን ቆልፌ ተነሣሁ። ረቡዕና ሐሙስ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ሠራሁ። ደግነት መስሎኝ ነበር።

«ልቁረጠው?» አለኝ ወጣቱ። «የጀመርከው ሁሉ እንዳልነበረ ይሆናል።»

እንዳልነበረ! እንዴት ያለ የሚያጓጓ ቃል ነው። ነገር ግን «ጥቂት ታገሠኝ» ብዬ ወደ ሴትየዋ ሄድኩና የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ከማክሰኞ ጀምሮ ፊትህን ስታዞርብኝ፣ ምን በደልኩት እያልኩ ስጨነቅ ከረምኩ። ጉድለቱንማ በእጄ ጽፌ የሰጠሁህ እንድትመዘግበው አይደለም እንዴ?»

ለእሳቸው የራራሁ መስሎኝ ሦስት ቀን ያስጨነቅኋቸው እኔ ነበርኩ። ከገንዘቡ ድርሻ ላዋጣ ብልም በጀ አላሉኝም።

የኮምፒውተር ሊቁ ጂም ግሬይ በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ትራንዛክሽን ሲጽፍ ሐሳቡን ከውል ሕግ ጋር አያይዞታል፤ ትራንዛክሽን ወይ ሙሉ በሙሉ ይፈጸማል፣ ወይ ጨርሶ እንዳልተደረገ ይቆጠራል። እኔ ግን ሦስተኛ መንገድ ያገኘሁ መስሎኝ፣ የቢሮውን ሁሉ ሥራ ከኋላዬ አስቁሜ ነበር።

ወጣቱ በሌላ ዲስክ ላይ ለጊዜው ሁለተኛ ሎግ ፋይል ጨመረ። እኔም ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ «አዎ» የሚለውን ተጫንኩ። ባክአፑ ተወሰደ፤ ሎጉ ከውስጥ ባዶ ሆነ። የፋይሉ መጠን ግን እንዳበጠ ነበር። «እሱን ለብቻው እናሳንሰዋለን፤ በራሱ አይቀንስም» አለ ወጣቱ።

ሒሳቡ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተዘጋ። ታክሲ ስጠብቅ በገንዘብ ማስገቢያ ቅጽ ጀርባ ላይ እነዚህን ሁለት ስንኞች ጻፍኩ፦

አዎም አይም ሳይል፣ ያደረ ዝምታ
ያጣብባል ለካ፣ የሌላውን ቦታ።