ደራሮን ለሕፃን ማስተማር፣ ከዲላ

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ በጥር ወር ዲላ ለሚደርስ ሰው ወሬው ሁሉ ደራሮ ነው። ደራሮ የጌዴኦ ሕዝብ ዘመን መለወጫ ነው፤ የቡናው ለቀማ ሲያበቃ ማጌኖ የሚመሰገንበት በዓል። ቃሉ ከጎረቤቱ ኦሮምኛ «ደራራ»፣ ማለትም አበባ፣ ጋር በድምፅ ይቀራረባል።

አፀደ ሕፃናት የሚውሉ ልጆች «እንቁጣጣሽ»፣ «ችቦ»፣ «ገና» የሚሉትን ከሥዕል ይለምዳሉ። ደግ ነው። ደራሮ ግን ለአራት ዓመት ልጅ በሥዕል ብቻ የሚገባው አይመስለኝም። የበዓሉ ቃላት ያሉት ደጅ ነው፦ እንሰቱ፣ ከጥላ ዛፉ ሥር ያለው ቡና፣ ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበት ሶንጎ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቃላቱን ለልጅ የሚያወርሰው ግን የቤት ሽማግሌ ነው።

እናም አያቶች፣ ልጁን እጁን ይዛችሁ ጓሮ ውሰዱት። ቅጠሉን ያስነኩት፤ ስሙን በጌዴኡፋ ጥሩለት፤ መልሶ ይበለው። ቢኮላተፍ አትሳቁበት (ከሳቃችሁ ዳግም አይሞክርም!)። በቀን ሁለት ቃል ይበቃል። አዲስ አበባ ያላችሁ ወላጆች ደግሞ ቃሉ ቢጠፋባችሁ ልጁ ራሱ ለአያቱ ደውሎ ይጠይቅ።