ለስፖርተኛ ልጃችሁ የሥነ ልቦና ባለሙያ ስትፈልጉ፦ ዲግሪው ብቻ አይበቃም



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ በሽታ ሳይሆን ስለ ራሴ ስህተት ነው። የሚሮጥ፣ ኳስ የሚጫወት ወይም በሌላ ስፖርት ውስጥ ያለ ልጅ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የ17 ዓመት ሯጭ ከእናቷ ጋር ልትታከም መጣች። ሆዷን ያማታል፣ ያስመልሳታል። የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራ አዘዝኩላት፤ ምንም አልተገኘባትም። ኦሜፕራዞል ጽፌ፣ ቡናና በርበሬ እንድትቀንስ ነግሬ ሸኘኋት። ከወር በኋላ ተመልሳ መጣች። መድኃኒቱን ቀየርኩላት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ እናትየዋ ተስፋ ቆርጠው ነበር። «ዶክተር፣ የሰው ዓይን ይሆን እንዴ? ጠበልም ወስጃታለሁ» አሉኝ።

በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ የነበረብኝን ያን ጊዜ ጠየቅኩ። «የሚያምሽ መቼ መቼ ነው?» ልጅቷ በጣቷ ቆጠረች። ሁልጊዜ ውድድር ወይም የክለብ ማጣሪያ ሊደርስ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ነው።

እናቷ ትንሽ ውጭ እንዲጠብቁን ለምኜ ብቻዋን አነጋገርኳት። ከክለቡ የምታገኘው ደመወዝ የቤተሰቡን የቤት ኪራይ የሚከፍል ነው። «ማጣሪያውን ካላለፍኩ ከክለቡ ብቻ ሳይሆን ከቤቱም እንወጣለን» አለችኝ። ክብደት እንዳትጨምር ብላ እራት እንደተወች፣ የወር አበባዋም ከቀረ አምስት ወር እንደሆነው የሰማሁት ያን ቀን ነው። ሰውነት ለልምምዱ የሚበቃ ምግብ ሲያጣ መጀመሪያ ከሚያቆማቸው ነገሮች አንዱ የወር አበባ ነው፤ ሲቆይ ደግሞ አጥንት ይሳሳል። ይህ የእኔ ሥራ ስለሆነ ምርመራውንና የአመጋገቡን ክትትል ጀመርኩ። ለጭንቀቱ ግን ወደማውቀው የሥነ ልቦና ባለሙያ ላክኋት።

ባለሙያው ሁለተኛ ዲግሪ ያለው፣ ትሁት፣ በሚገባ የሚያዳምጥ ሰው ነው። ሁለት ጊዜ አገኛት። በሁለተኛው ቀን «ይህን ያህል ካስጨነቀሽ ለጊዜው ሩጫውን ብታቆሚውስ?» አላት። ከዚያም ሊረዳት ብሎ ለአሰልጣኟ ደወለ። «ልጅቷ ከባድ ጭንቀት ላይ ናት፣ ጫና ቀንሱላት» አለው። አሰልጣኙም በገባው መንገድ ጫናውን ቀነሰላት፤ ቀጣዩ ማጣሪያ ላይ ስሟ አልነበረም።

እናትየዋ ወደ እኔ የመጡት ለወቀሳ አልነበረም። «ዶክተር፣ ምስጢር ነው ተብለን ነበር እኮ» ብቻ ነው ያሉኝ። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ወደ እሱም ወደ እኔም መምጣቷን አቆመች።

ቤተሰቦቼ፣ ባለሙያው መጥፎ ሰው አይደለም። ትምህርቱንም በደንብ ተምሯል። ያልተማረው ሜዳውን ነው። ክለብ እንዴት እንደሚሠራ፣ አሰልጣኝ አንድን ወሬ ሰምቶ ምን እንደሚያደርግ፣ ለአንድ ሯጭ «አቁሚ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያሳየው ሰው አልነበረም። እኔም ስልክ «ከስፖርተኛ ጋር ሠርተህ ታውቃለህ?» ብዬ አልጠየቅኩትም።

እኛ ሐኪሞች ለዓመታት መጽሐፍ ካነበብን በኋላ እንኳ በቀጥታ በሽተኛ ላይ አንለቀቅም። ኢንተርን ሳለሁ የመጀመሪያዋን ወላድ ያዋለድኩት ነባር አዋላጅ ነርስ እጇን በእጄ ላይ አድርጋ ነው። ሂደቱን በቃሌ አውቀው ነበር፤ እጄ ግን አያውቀውም ነበር። ከስፖርተኞች ጋር መሥራት የሚፈልግ የሥነ ልቦና ባለሙያም እንዲህ ያለ በነባር ባለሙያ ሥር የሚደረግ ልምምድ ያስፈልገዋል።

በሌላው ዓለም ይህ በደንብ የተያዘ ነገር ነው። በአሜሪካ የተግባራዊ ስፖርት ሥነ ልቦና ማኅበር የሚሰጠውን የሙያ ማረጋገጫ ለማግኘት የማስተርስ ዲግሪ ይጠየቃል፤ በዚያ ላይ በነባር ባለሙያ ክትትል ሥር የ400 ሰዓት ልምምድና ፈተና አለ። በእንግሊዝ የስፖርትና የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ሥነ ልቦና ባለሙያ የሚለው መጠሪያ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ያልተመዘገበ ሰው አይጠራበትም። የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴም 16 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ስፖርተኞች የአእምሮ ጤና መመዘኛ ቅጽ አዘጋጅቷል። ሲሞን ባይልስ በቶኪዮ ኦሎምፒክ «አእምሮዬና ሰውነቴ አልተግባቡም» በሚል ምክንያት ከውድድር ስትወጣ ጉዳዩ የደካሞች ብቻ እንዳልሆነ ዓለም ሁሉ አይቷል።

ታዲያ በልምምድ ጊዜ የሚማሩት ምንድን ነው?

አንደኛ፣ ማየት። ለማጅ ባለሙያ ምክር ከመስጠቱ በፊት ልምምዱ ቦታ ሄዶ ይቆማል። ሯጮች ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲነሱ፣ ሰርቪስ ሲጠብቁ፣ አሰልጣኝ ሰዓት ይዞ ሲጮህ፣ የተጎዳው ልጅ ዳር ቁጭ ብሎ ሲያይ ይመለከታል። ስፖርቱን ያላወቀ ሰው ጭንቀቱን አያውቀውም።

ሁለተኛ፣ ምስጢር። ክለብ ውስጥ አሰልጣኝ፣ የቡድን መሪ፣ ወላጅ፣ ማናጀር ሁሉም «ልጁ ምን አለህ?» ብለው ይጠይቃሉ። ምን እንደሚነገር፣ ለማን እንደሚነገር፣ ያለ ልጁ ፈቃድ ምን እንደማይነገር ሥራው ሳይጀመር ከሁሉም ጋር መስማማትን ይለማመዳል። የልጁ ሕይወት አደጋ ላይ ካልሆነ በስተቀር ያ ስምምነት አይፈርስም።

ሦስተኛ፣ መሣሪያዎቹን በቦታቸው መጠቀም። ትንፋሽን ቀስ ብሎ ማስገባትና ከገባበት በረዘመ ጊዜ ማስወጣት፣ ውድድሩን በዓይነ ሕሊና መሮጥ፣ ከውድድር በፊት ሁልጊዜ የሚደገም ቋሚ ቅደም ተከተል መያዝ፣ ለራስ የሚነገር አጭር ቃል መምረጥ። እነዚህ በውድድር ቀን የሚጀመሩ አይደሉም። እንደ ሩጫው ሁሉ በልምምድ ላይ ለሳምንታት ይሠራባቸዋል።

አራተኛ፣ ድንበርን ማወቅ። ድባቴ፣ የአመጋገብ ችግር፣ የወር አበባ መቅረት፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሲያይ ወደ ሐኪም ወይም ወደ አእምሮ ሐኪም መላክ አለበት። እኔ እንዳደረግኩት ዝም ብሎ መላክ ሳይሆን ተከታትሎ።

አምስተኛ፣ ስህተትን ለነባሩ ባለሙያ ማቅረብ። ለማጁ የሠራውን በመዝገብ ይጽፋል፤ በየጊዜው ቁጭ ብለው ያዩታል። ያ ስልክ ከመደወሉ በፊት «ልደውልለት ነው፣ ምን ይመስልሃል?» የሚለው ሰው ቢኖር ኖሮ አይደወልም ነበር።

በአገራችን የሥነ ልቦና ትምህርትም የስፖርት ሳይንስ ትምህርትም የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ልምምድ ሊደረግባቸው የሚችሉ ቦታዎችም አሉን፦ አዲስ አበባ የወጣቶች ስፖርት አካዳሚ አለ፣ አሰላ የጥሩነሽ ዲባባ አትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል አለ፣ ክለቦችም አሉ። አንድ ተማሪ ከመመረቁ በፊት ጥቂት ወራት እዚያ ቢያሳልፍ ልጆቻችን ይጠቀማሉ።

እስከዚያው እናንተ ወላጆች ባለሙያ ስታገኙ እነዚህን ጥያቄዎች ከመጠየቅ አትፈሩ፤ ነውር አይደለም፦

1. ከስፖርተኞች ጋር ሠርተው ያውቃሉ? የት? በማን ክትትል ሥር?
2. ልጄ የነገረዎትን ለአሰልጣኙ ወይም ለእኔ ይናገራሉ? መቼ?
3. ልምምዱ ቦታ ሄደው ሊያዩት ይችላሉ?
4. ከአቅምዎ በላይ የሆነ ነገር ካዩ ወደ ማን ይልኩታል?

ጥሩ ባለሙያ በነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም።

ልብ በሉ፦ ልጃችሁ ክብደቱ ከቀነሰ፣ የወር አበባዋ ለሦስት ወር ከቀረ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ለሁለት ሳምንት ከጠፋ፣ ወይም ስለ መሞት ካወራ፣ ውድድሩ እስኪያልፍ ሳትጠብቁ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ያ ባለሙያ ነገሩን ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ዶክተር፣ አንድ ቀን ልምምዱን አብረን እንየው» አለኝ። አንድ ቅዳሜ ሌሊት ተነስተን ሱሉልታ ሄድን፤ ብርዱ አይረሳኝም። እሱ ከዚያ በኋላም ብቻውን እየሄደ ቆሞ ማየት ቀጠለ፤ ከስፖርተኞች ጋር የሠራ ነባር ባለሙያም ፈልጎ ሥራውን እያሳየው ነው። ለልጅቷና ለእናቷ ሁለታችንም በአካል ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። ይቅር አሉን፤ የቀረውን ማጣሪያ ግን ማንም አልመለሰላትም።

አሁን ሌላ ክለብ ውስጥ ትሮጣለች። እራት ትበላለች፣ የወር አበባዋም ተመልሷል። ባለፈው ስትመጣ «ዶክተር፣ ውድድር ሲደርስ ሆዴ አሁንም ይገላበጣል፤ ግን ጨጓራ እንዳልሆነ አውቃለሁ» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅኩ።

ልጃችሁ ከውድድር በፊት ሆዱን የሚያመው ከሆነ መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት ቀኑን ቁጠሩ። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ ስፖርተኛ ልጅ ላለው ወዳጃችሁም አጋሩት።

ጤና ይብዛላችሁ!